የዜና መዋዕል ቀን አፈታት፦ የጥንት ጦርነት መቼ እንደተካሄደ በእጅ ማስላት

በመካከለኛው ዘመን የተጻፈ ዜና መዋዕል ወይም ገድል ሲያነብ «ይህ ጦርነት መቼ ነበር?» የሚል ሰው ቶሎ የስልኩን ቀን መቀየሪያ ይከፍታል። የዛሬው የአውሮፓ (የጎርጎርዮስ) አቆጣጠር ከጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 1582 በፊት ለሆነ ነገር ግን ያ መቀየሪያ ያሳስታል። እርሳስና ወረቀት ከባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ማስያ) ሁለት ስሌቶች ጋር የበለጠ ይታመናሉ።

መጀመሪያ ጸሐፊው በየትኛው ዘመን እንደሚቆጥር ለዩ። ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው) ከሆነ ከቁጥሩ 5500 ስትቀንሱ ዛሬ የምንጠቀምበት ዓ.ም. ይወጣል። ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ትደምራላችሁ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ጽሑፉ «ዓመተ ምሕረት» ሲል ነው፤ የዛሬው መስሎት እንዳለ ይወስደዋል። በብዙ የድሮ ጽሑፎች ግን ይህ ቁጥር 532 ሲሞላ እንደገና ከ1 ይጀምራል። በ1341 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1348) የጀመረው ዙር ከሆነ 1340፣ ከዚያ የቀደመው ዙር ከሆነ 808 ይደመራል።

ዙሩን ዓመቱ በተሰየመበት ወንጌላዊ (ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ ወይም ዮሐንስ) ወይም በሳምንቱ ዕለት ለመለየት አትድከሙ። 532 የ19 እና የ28 ብዜት ስለሆነ ወንጌላዊውም፣ ዕለቱም፣ ፋሲካውም ሳይቀር በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳሉ። ዙሩን የሚለየው ንጉሡ ነው። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ስመ መንግሥቱን ነው። ላሊበላም፣ ዐምደ ጽዮንም፣ ይስሐቅም «ገብረ መስቀል» ተብለዋል። ለምሳሌ ጽሑፉ «ገብረ መስቀል» ብሎ 516 ቢል፣ 808 ሲደመር 1324 ዓ.ም. ይሆናል፤ ይህ ዐምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) የነገሠበት ጊዜ ነው። 80 ቢል ግን 1340 ጨምራችሁ 1420 ዓ.ም. ታገኛላችሁ፤ ያ የይስሐቅ ዘመን ነው። ዘርዐ ያዕቆብን «ቈስጠንጢኖስ»፣ ልብነ ድንግልን «ወናግ ሰገድ»፣ ገላውዴዎስን «አጽናፍ ሰገድ» በሚለው ስማቸው ፈልጉ።

አሁን በጽሑፉ ያለው ወንጌላዊና ዕለት ካገኛችሁት ዓመት ጋር መግጠሙን ወደ ማመሳከሪያው። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሉ። ተራፊው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ድርሻውን (መጠነ ራብዒቱን) በዓመተ ዓለሙ ላይ ደምራችሁ ለ7 ስታካፍሉ ተራፊው መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ይነግራችኋል፦ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ 0 ሰኞ። ከዚያ ወዲህ ለሞላው እያንዳንዱ ወር 2 ዕለት ጨምሩ፤ በመጨረሻም ከወሩ ቀን 1 ቀንሳችሁ ደምሩ።

ዘርዐ ያዕቆብ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ደዋሮ ውስጥ ጎሚት ላይ ያሸነፈበትን ቀን እንሞክር፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ዓ.ም.። ዓመተ ዓለሙ 6938 ነው፤ በግእዝ ፷፱፻፴፰ ተብሎ ይጻፋል። ለ4 ሲካፈል 1734 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ። 6938 እና 1734 ሲደመሩ 8672፣ ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ መስከረም 1 እሑድ ዋለ ማለት ነው። ሦስት ወር ሞልቷልና 6፣ ከቀኑ ደግሞ 28፣ በድምሩ 34፤ ሰባት ሰባቱን ስታወጡ 6 ይቀራል። ከእሑድ ስድስት ዕለት ወደፊት ቅዳሜ ነው።

ወደ አውሮፓ ቀን ስትለውጡ በዚያ ዘመን የነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር እንደሆነ አስቡ። ያኔ መስከረም 1 ኦገስት 29 ላይ ይውላል፤ ሉቃስ ጳጉሜን 6 አድርጎ ሲያልፍ የሚመጣው የዮሐንስ ዓመት ግን በኦገስት 30 ይጀምራል። እስከ ጥር 5 ድረስ በዓመቱ ላይ 7፣ ከጥር 6 በኋላ 8 ይደመራል (በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ቀደም ይላል)። ጎሚት ስለዚህ ዲሴምበር 25 ቀን 1445 ነው፤ የገና ዕለት። የስልክ መቀየሪያ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ወደ ኋላ ስለሚስበው ጃንዋሪ 3 ቀን 1446 ይላችኋል፤ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም ይቀይርባችኋል። ገላውዴዎስና ፖርቱጋሎቹ ኢማም አሕመድን ወይና ደጋ ላይ ያሸነፉበት የካቲት 27 ቀን 1535 ዓ.ም.ም እንዲሁ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1543፣ ረቡዕ ነው። በ7035 ራሳችሁ አስሉት።

ዕለቱ አልገጥም ቢል በአንድ ቀን ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ሌሊቱን ጠርጥሩ፤ በቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ዕለቱ የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነው። ወንጌላዊውም አብሮ ካልገጠመ ስሕተቱ ያለው ዓመቱ ላይ ነው። ገልባጮች ፮ን እና ፯ን በቀላሉ ያምታታሉ፤ የደበዘዘ ብራና ላይ ደግሞ ለዓይንም ያስቸግራሉ። አንዱን በሌላው ተክታችሁ ድጋሚ አስሉ፤ ዕለትና ወንጌላዊ አብረው ከገጠሙ የጠፋው ቁጥር ተገኘ።

«በነገሠ በዚህን ያህል ዓመት» የሚል ብቻ ካገኛችሁ ከየት እንደተቆጠረ ሳታጣሩ አትለፉ። ዘርዐ ያዕቆብ ዙፋኑን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1434 ሲሆን አክሱም ላይ የተቀባው በ1436 ነው። መነሻው ሲለያይ ውጤቱም በሁለት ዓመት ይለያያል።

የአዳልን ወገን በዐረብኛ ስታነቡ ቆጠራው ሂጅራ (የእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር) ነው። የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዝታችሁ 622 ስትደምሩ የአውሮፓው ዓመት በግምት ይወጣል፤ 949 ለምሳሌ 1542.5 ይሰጣል። የሂጅራ ዓመት ሁለት የአውሮፓ ዓመታትን ስለሚነካ ወሩን ሳታዩ አትወስኑ። 949 የገባው ኤፕሪል 1542 ስለሆነ ወይና ደጋ የዋለው በዚያው ዓመት በ11ኛው ወር፣ በዙልቃዕዳ አጋማሽ ነው። የጨረቃው ወር የሚገባው ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ እዚህ ላይ የአንድ ቀን ልዩነት ስሕተት አይባልም።