ፌነስትራሪያን በመትከያ ውስጥ እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

ፌነስትራሪያ የሕፃን የእግር ጣት የሚመስሉ ቅጠሎች ያሏት፣ ውሃ አጠራቃሚ የሆነች ትንሽ ተክል ናት። የተፈጥሮ መኖሪያዋ ከደቡብ ምዕራብ ናሚቢያ ኦሬንጅ ወንዝን ተሻግሮ እስከ ደቡብ አፍሪካው ናማኳላንድ የሚዘልቀው አሸዋማ የባሕር ጠረፍ ሲሆን፣ በዚያ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱም በአብዛኛው የሚጥለው በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው። በቀረው ጊዜ የአትላንቲክ ጉም ያረጥባታል። ተክሏ በአሸዋ ተውጣ ስለምትኖር ከመሬት በላይ የሚታየው የቅጠሎቿ አናት ብቻ ነው። አናቱ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርሃኑም ውሃ ባዘለው የቅጠሉ መሃል ወርዶ አሸዋው ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ክፍል ያገኛል። ስሟ መስኮት ከሚለው የላቲን ቃል የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ አፈሩን ያዘጋጁ። ለሦስት እጅ ቀይ አሽ ወይም ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አንድ እጅ ኮምፖስት ይበቃል። ቀይ አሹን በወንፊት ነፍተው ዱቄቱን ያስወግዱ፤ አለበለዚያ ውሃ ሲነካው ጭቃ ሆኖ ሥሩን ያፍናል። መትከያው ከታች ቀዳዳ ያለው ሸክላ ቢሆን ይመረጣል።

ሲተክሉ ተፈጥሮን ለመኮረጅ ብለው እስከ አንገቷ አይቅበሯት። በመትከያ ውስጥ እርጥበት ስለሚቆይ የተቀበረ ቅጠል ይበሰብሳል። ሥሯን ብቻ አፈር አልብሰው ቅጠሎቿን ከላይ ይተዉ፤ ዙሪያውንም ጠጠር ያልብሱት። ከዚያም ብዙ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ያስቀምጧት።

አብዛኛውን ጊዜ የምትሞተው ውሃ በዝቶባት ነው። ከማጠጣትዎ በፊት ቅጠሉን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ይጫኑት፤ ጠንካራ ከሆነ ይተዉት፣ ጎኑ ጨምደድ ብሎ ከለሰለሰ ደግሞ ከታች እስኪወጣ ድረስ ያጠጡና አፈሩ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ሞቃት በጋ ባለበት አገር በሙቀቱ ወራት ስለምታርፍ ውሃው እጅግ ይቀነሳል። አዲስ አበባ ላለ ሰው የዝናብ ወራቷ ከእኛ ክረምት ጋር መግጠሙ ሊያታልለው ይችላል፤ ነገር ግን እዚህ በነሐሴ ብቻ የሚጥለው በትውልድ ቦታዋ ዓመቱን ሙሉ ከሚጥለው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ክረምቱን ከጣሪያ ሥር ታሳልፍ።

ቅጠሉ ከተሰነጠቀ ከአቅሟ በላይ ጠጥታለች ማለት ነው። ውሃውን ያቁሙ፤ ስንጥቁ በራሱ ይደርቃል፣ ጠባሳው ግን ቅጠሉ አርጅቶ እስኪረግፍ ድረስ ይቆያል።