የማኅበር ገንዘብ በአንድ ሰው ስልክ፦ በኦንላይን ስናሰባስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ያሉ የአገር ልጆች ማኅበራትና ዕድሮች ለመስጠት አይሰንፉም። ለትውልድ ቀዬ ትምህርት ቤት፣ ለታመመ ሰው መታከሚያ፣ ለአስከሬን መሸኛ ሲባል በአንድ ሌሊት ብዙ ሺህ ዶላር ይዋጣል። የሚቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በአንድ አነስተኛ የልማት ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የሁሉም እናት፣ የማኅበሩን ገንዘብ በአንድ አባል የግል ዜል (ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) መቀበል ነው። ዜል ፈጣን ነው፣ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ አለው፤ ስለዚህ «ለጊዜው በእሳቸው ቁጥር ላኩ» ይባልና ለጊዜው የተባለው ሦስት ዓመት ይሞላዋል። እኛም ይኸው ደርሶብናል። ከእኔ በፊት ገንዘብ ያዥ የነበሩት እናት በድንገት ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ከደመወዛቸውና ከቤት ኪራያቸው ጋር የተደባለቀውን የማኅበር ገንዘብ ለይቶ የሚያውቅ ጠፋ። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ግን እንደዚያ ያሉ ታማኝ ሰው አልጋ ላይ ሆነው፣ የባንክ ወረቀት እያገላበጡ ራሳቸውን ሲከላከሉ ማየት እስከ ዛሬ ያመኛል። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ ያንን ሸክም ለአንድ ሰው ያሸከምነው እኛ ነን።

መውጫው ከባድ አይደለም። ማኅበሩን በምትኖሩበት ስቴት አስመዝግቡ፤ ቀጥሎ ከአይአርኤስ፣ ማለትም ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ኢአይኤን የሚባለውን መለያ ቁጥር አውጡና በማኅበሩ ስም፣ በሁለት ፈራሚ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ቁጥሩ በነጻ ነው የሚሰጠው። ለእሱ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥቱ ስላልሆነ ዝጉት።

ፓስወርድም እንደዚሁ ነው። የፌስቡክ ገጹም የቴሌግራም ቻናሉም በአንድ ወጣት የግል ኢሜይል ከተከፈቱ፣ ልጁ ሥራ ሲበዛበት ማኅበሩ ድምፁን ያጣል። ቢያንስ ሁለት አድሚን ይኑር።

ጎፈንድሚ በሚባለው የእርዳታ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ሒሳቡን ሳያሰላ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፤ 100 ዶላር ሲሰጥ የሚደርሰው 96 ዶላር ከ80 ሳንቲም፣ 10 ዶላር ሲሰጥ 9 ዶላር ከ41 ነው። ሆስፒታሉ የጠየቀውን ልክ ግባችሁ ካደረጋችሁ መጨረሻ ላይ ይጎድላችኋል። ከዚህ የባሰው «ገንዘቡ በቀጥታ ለታማሚዋ ይደርሳል» ብሎ መጻፍ ነው። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ላለ የባንክ ሒሳብ አይከፍልም፤ እዚህ ያለ ሰው ተቀብሎ ነው የሚልከው። ማን እንደሚቀበል፣ በምን መንገድ እንደሚልክ ከመጀመሪያው ጻፉት። ሰው የሚጠረጥረው ያልተነገረውን ነው።

«ከግብር ይቀነስላችኋል» የሚለውንም ቃል ተጠንቀቁ። በግለሰብ ስም ለተከፈተ የእርዳታ ገጽ የተሰጠ ገንዘብ አይቀነስም። ማኅበራችሁ 501ሲ3 የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የግብር ዕውቅና ካለው ግን ለሰጪው የሚገባውን ስጡ፦ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከግብሩ ለማስቀነስ ከማኅበሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ የቫይበር ምስጋና አይበቃም። ዓመታዊ ገቢያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነም 990ኤን የሚባል አጭር ቅጽ በየዓመቱ በኢንተርኔት ይሞላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተሞላ ዕውቅናው በራሱ ይሰረዛል። «ትንሽ ነን፣ ማን ያየናል» አትበሉ።

የመጨረሻው፣ ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ዝም ማለት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የተላከበት ቀንና የዕለቱ ምንዛሪ ያልተጻፈበት ሪፖርት እንዲህ ባለ ጊዜ ለሐሜት በር ይከፍታል። እኛ አሁን የገባውን፣ የተቆረጠውን፣ የተላከውን በዶላርና በብር ከነቀኑ ጽፈን፣ የሆስፒታሉን ደረሰኝ ፎቶ አያይዘን በሳምንት ውስጥ ግሩፑ ላይ እንለጥፋለን። ከመለጠፋችን በፊት ግን የታካሚዋን ስም፣ የካርድ ቁጥርና የበሽታውን ዓይነት እንሸፍናለን፤ አልጋ ላይ ያለችበትን ፎቶ ደግሞ እሷው ፈቅዳ ካልሆነ አናወጣም።