የድሮ የሩሲያ ሳሞቫር ስትገዙ ወይ ስታስገምቱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሳሞቫር ያው የሩሲያኖች የሻይ ውሃ ማፍያ ነው፣ መሀሉ ላይ ከሰል የሚነድበት ቱቦ አለው፣ ከፊቱ ቧንቧ፣ አናቱ ላይ በራድ ይቀመጥበታል። እስራኤል ያላችሁ ያፎ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አይታችሁት ይሆናል፣ ከሶቭየት የመጡ ቤተሰቦች ይዘውት መጥተዋል፣ አዲስ አበባም በደርግ ጊዜ እዛ ተምረው የተመለሱ ሰዎች ቤት አይጠፋም። ሰው ግን ወይ በማይገባው ዋጋ ይገዛል ወይ ጥሩውን ዕቃ በገዛ እጁ ያበላሸዋል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ሜዳልያው ላይ ያለውን ዓመት የተሠራበት ዓመት ነው ብሎ ማመን። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ ነው። የቱላ ከተማ ፋብሪካዎች፣ ባታሼቭ በሉት ሸማሪን በሉት ቮሮንትሶቭ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ሜዳልያ ሲሸለሙ ምስሉን ክዳኑና ሆዱ ላይ በማህተም ይመቱት ነበር፣ ስለዚህ ፓሪስ 1889 የሚል ካያችሁ ከ1889 በፊት አልተሠራም ማለት ብቻ ነው፣ ከ20 ዓመት በኋላ የወጣ ሊሆንም ይችላል። ብዙ ሜዳልያ ካለው የመጨረሻውን ዓመት ፈልጉ። ናዛር ሊሲትሲን ቱላ ውስጥ የሳሞቫር ወርክሾፑን በ1778 ስለከፈተ ብቻ የቱላ ዕቃ ሁሉ የዛ ዘመን ነው የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁም እለፉት።

ሁለተኛው ማህተሙን አይቶ ፊደሉን አለማየት። ሩሲያኛ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። በ1918 የሩሲያ አጻጻፍ ሲሻሻል ቃል መጨረሻ ላይ ይገባ የነበረ ድምፅ የሌለው ፊደል ቀረ፣ ታች ክብ ሆድ ያለው፣ ከላይ ወደ ግራ አጭር ጭራ ያለው ነው። እሱና የዛሮቹ የሩሲያ መንግሥት ምልክት የነበረው ባለ ሁለት ራስ ንስር አብረው ካሉ ከ1917ቱ የሩሲያ አብዮት በፊት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ዋጋ ተመትቶበት ወይ ከ1967 ጀምሮ የመጣው ባለ አምስት ማዕዘን የጥራት ምልክት ኖሮበት ወይ 220 ቮልት የሚል ካለ ግን የሶቭየት ነው። ደግሞ ባታሼቭ የሚለው ስም ብቻውን አያስተማምንም፣ ቱላ ውስጥ ብዙ ባታሼቮች ነበሩ፣ በዛው ዘመን ስሙን ያስመሰሉበትም ነበሩ። የተጣመመ ወይ የተገለበጠ ፊደል ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ሦስተኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም የዋጋው ትልቁ ክፍል እዚህ ነው፦ ከተለያየ ሳሞቫር የተገጣጠመውን እንደ አንድ ዕቃ መግዛት። ቧንቧውን ከቅርብ እዩት። የሚዞረው ቁልፍ ከታች ቀጠን ያለ ነው፣ ለራሱ ቤት ተሞርዶ የተገጠመ ስለሆነ የሌላ ሳሞቫር ቁልፍ ከገባበት ያንጠባጥባል፣ ውሃ ሞልታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ተመልከቱ። ከዛ ቧንቧው ሆዱ ላይ የተጣበቀበትን ዙሪያ እዩ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ብየዳ ካለና ከሥሩ የድሮ ሰፊ ጌጥ ያረፈበት ጥላ ከቀረ ቧንቧው ተቀይሯል። ክዳኑ ሳይወዛወዝ መቀመጥ አለበት። ቀለሙንም አስተያዩ፣ ቶምባክ የሚሉት መዳብ የሚበዛበት ነሐስ ቀላ ይላል፣ ሆዱ ቀይ ክዳኑ ቢጫ ከሆነ መጠየቅ ነው። የበራዱ ማስቀመጫ፣ የከሰሉ ወንፊትና ትሪው መኖራቸውንም እዩ። የእንጨት እጀታ ብዙ ጊዜ ስለሚቀየር እሱ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ከዛ ማጽዳት፣ እባካችሁ እዚህ ላይ ስሙኝ። በድሪል የሚዞር ማወልወያ ማህተሙን ይበላዋል፣ የጠፋ ፊደል ደግሞ አይመለስም። ሎሚና ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ነሐሱ ውስጥ ያለውን ዚንክ ያወጣውና ሮዝ ነጠብጣብ ይተዋል፣ አሞኒያ ያለው ማጽጃ ነሐስ ሊሰነጥቅ ይችላል። ነጭ የሆነውን የኒኬል ልባጥ ፍቆ ነሐሱን የሚያወጣም አለ፣ ያ ኒኬል ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የወጣበት ነው፣ ሲፋቅ ዋጋው አብሮ ይወርዳል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ።

ለመሞከር ብላችሁ ያለ ውሃ ከሰል አታቀጣጥሉ። ብየዳው ቆርቆሮ ነው፣ የጣሪያውን ሳይሆን ቲን የሚባለውን ማለቴ ነው፣ ንጹህ ቆርቆሮ 232 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ቧንቧው ከነጌጡ ተላቆ ሊወድቅ ይችላል። ውስጡም የተለበጠው በቆርቆሮ ነው፣ የድሮው ልባጥ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ሳይመረመርና እንደገና ሳይለበጥ ሻይ አትጠጡበት።

ዋጋ ላይ ደግሞ ክብደት አያታላችሁ፣ ድሮ ራሱ ሳሞቫር በኪሎ ይሸጥ ነበርና ከባድ ሁሉ ብርቅ አይደለም። ኦንላይን የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን ተሽጦ ያለቀበትን ዋጋ እዩ፣ ያውም ከተመሳሳይ ቅርፅና ከተመሳሳይ ይዞታ ጋር። ቀጥ ያለ ጣሳ የመሰለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳሞቫር በብዛት ስላለ የፋብሪካው ስም ብቻ አያስወድደውም። የ1800ዎቹ መጀመሪያ የአበባ ማስቀመጫ ቅርፅ ያለው፣ እግሩ የሚነቀል የመንገደኛ ሳሞቫር፣ ወይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ትንሽዬ ካጋጠማችሁ ግን ሳትነኩት ባለሙያ ይየው። ከሩሲያ ራሷ የምትገዙ ከሆነ ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን ማን እንደሚጨርስ ከሻጩ ጋር ሳትነጋገሩ ገንዘብ አትላኩ።