ፖይንት ጋርድ ሹት መቻል አለበት? ራሳችሁን የምትለኩበትና የምታሻሽሉበት መንገድ

አጭሩን መልስ ላስቀድም። በቅርጫት ኳስ ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ኳስ ይዞ የሚወጣውና ቡድኑን የሚያጫውተው ልጅ፣ የቡድኑ ምርጥ ሹተር (ከርቀት ወርውሮ የሚያገባ) መሆን አይጠበቅበትም። ተከላካይ ንቆ የሚተወው ሰው ግን መሆን የለበትም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ቦታ አለ። የት ላይ እንዳላችሁ ካወቃችሁ ከዚያ ወደፊት መሄድ ይቻላል።

ይህን ማንሳት የፈለግኩት በመሃል አዲስ አበባ ሜዳዎች፣ አራት ኪሎም ይሁን ስታዲየም አካባቢ፣ ደጋግሞ የሚታይ ልማድ ስላለ ነው። ቁመቱ አጠር ያለ ልጅ ሲመጣ «አንተ አጫውት» ይባላል። ኳስ ይዞ መውጣት ይማራል። ፓስ ይማራል። ሜዳውን ማየት ይለምዳል። ውርወራ ግን ማንም አያስተምረውም፤ እሱም የኔ ሥራ አይደለም ብሎ ይተወዋል። ሃፍ ኮርት (የሜዳው ግማሽ) ላይ ሦስት ለሦስት ሲጫወት ጉድለቱ ብዙም አይታይም። አምስት ለአምስት ሲሆንና ተጋጣሚ ሲነቃበት ግን መላው ቡድን መፈናፈኛ ያጣል።

ደረጃ 1፦ የተከላካያችሁን እግር ተመልከቱ

በሚቀጥለው ጨዋታ ስንት ነጥብ እንዳገባችሁ ለጊዜው እርሱት። ኳስ ይዛችሁ ሦስት ነጥብ መስመሩ ጋ ስትደርሱ ተከላካያችሁ የት ነው የቆመው? እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትነኩት ከሆነ አክብሯችኋል። ሁለት ሜትር ሸሽቶ፣ አንድ እግሩን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ፣ ዓይኑን ሴንተራችሁ (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ልጅ) ላይ ከጣለ ስለ ሹታችሁ ያለውን አስተያየት ነግሯችኋል።

ስክሪን (ጓደኛ ቆሞ በሰውነቱ የተከላካያችሁን መንገድ ሲዘጋ) ላይ ደግሞ የበለጠ ይታያል። ጓደኛችሁ መጥቶ ስክሪን ሲያቆምላችሁ ተከላካያችሁ ሁለት መንገድ አለው። ሹታችሁን ከፈራ በስክሪኑ ፊት በኩል ተጣብቆ ይከተላችኋል። ካልፈራ ከስክሪኑ ጀርባ በኩል ዞሮ፣ ረጋ ብሎ፣ ከፊታችሁ ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ የጓደኛችሁ ስክሪን በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ሹት ማጣት መጀመሪያ የሚጎዳው ፓሳችሁን ነው። እናንተን የለቀቀው ተከላካይ ሥራ አልፈታም። ሴንተራችሁን ከሁለተኛ ሰው ጋር ሆኖ ያጥራል፤ ፓስ የምትሰጡበትን መንገድም ይዘጋል። «እኔ አጫዋች ነኝ፣ ሹት አያስፈልገኝም» የሚል ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማጫወቱን ራሱን እየቀሙት ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጠሩ

ከመቁጠራችሁ በፊት ሜዳውን ፈትሹ። የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3.05 ሜትር መሆን አለበት። የሰፈር ሜዳ ላይ ግን ልጆች ስለሚንጠለጠሉበት ወደፊት የጎበጠ ቀለበት ብዙ ነው። በእሱ የለመደ እጅ ትክክለኛ ሜዳ ላይ ይስታል። የፍሪ ትሮው (ከፋውል በኋላ ያለ ተከላካይ የሚወረወር የቅጣት ውርወራ) መስመር ከቦርዱ ፊት 4.60 ሜትር ይርቃል፤ የሦስት ነጥቡ መስመር ከቅርጫቱ መሃል 6.75 ሜትር። ቀለሙ ከለቀቀ በሜትር ለክታችሁ በጠመኔ አስምሩ።

ከዚያ ሦስት ነገር ቁጠሩ። 20 ፍሪ ትሮው፣ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ። 20 ሹት ከሦስት ነጥብ መስመር፣ ማንም ሳይከላከላችሁ። 20 ሌይ አፕ (እየሮጡ ቅርጫቱ ሥር ገብቶ ማግባት) በደካማው እጃችሁ። በተለያየ ቀን ደጋግሙት፤ የአንድ ቀን ውጤት ያታልላል።

በእኔ ሚዛን 14 ፍሪ ትሮውና 16 ሌይ አፕ ያገባ ልጅ መነሻ አለው። ከሦስት ነጥብ መስመር ደግሞ ብቻችሁን ስትወረውሩ ከ20 ውስጥ 9 ወይም 10 ማግባት አለባችሁ። ጨዋታ ላይ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፤ ወርዶም ከሦስቱ አንዱ መግባት አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ100 የሦስት ነጥብ ውርወራ 33 ቢገባ 99 ነጥብ ነው። ከ100 የሁለት ነጥብ ውርወራ 50 ቢገባ 100 ነጥብ ነው። ስለዚህ ከሦስት አንዱን የሚያገባ ተጫዋች ግማሹን ከሚያገባው እኩል ያስፈራል። ተከላካይ ሊተወው አይችልም።

ደረጃ 3፦ በፍሪ ትሮው ጀምሩ

አብዛኛው ልጅ ልምምድ ሲጀምር በቀጥታ ወደ ሦስት ነጥብ መስመር ይሄዳል። እኔ በፍሪ ትሮው ጀምሩ እላለሁ። ኳስ በብዛት የሚይዘው ፖይንት ጋርድ ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፋውል የሚሠራበትም እሱ ነው። በፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ አንድ ቡድን በአንድ ኳርተር አራት ፋውል ከሞላ በኋላ፣ ከአምስተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ የመከላከል ፋውል ሁለት ፍሪ ትሮው ያሰጣል። ፍሪ ትሮው የማይችል ፖይንት ጋርድ ያን ሰዓት ኳስ መያዝ ይፈራል።

ቤን ሲመንስን አስታውሱ። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ ድራፍት፣ ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ አንደኛ ሆኖ የተመረጠ፣ ሜዳውን በሚገባ የሚያይ፣ ግዙፍ ፖይንት ጋርድ ነበር። በ2021 ፊላደልፊያ ከአትላንታ ጋር ባደረገችው የፕሌይኦፍ ፍልሚያ ግን ከ45 ፍሪ ትሮው ያገባው 15 ብቻ ነው። በሰባተኛው ጨዋታ መጨረሻ አካባቢ ቅርጫቱ ሥር ደርሶ፣ ከፊቱ ከእሱ በጣም የሚያጥረው ትሬ ያንግ ብቻ እያለ፣ ራሱ ማግባት ትቶ ኳሱን ለጓደኛው አቀበለ። ያንን ቅጽበት ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። እንደ እኔ እንደ እኔ ፍርሃቱ ቅርጫቱ ሥር የመጣ አይደለም። ቀደም ብሎ፣ ፍሪ ትሮው መስመሩ ላይ የተጠራቀመ ነው።

አሁን ወደ አወራወሩ። ቀኝ እጃችሁ ከሆነ የምትወረውሩት ቀኝ እግራችሁን ትንሽ አስቀድሙ። ኳሱ ጣቶቻችሁ ላይ ይረፍ፤ ከመዳፋችሁ መሃል ጋር ትንሽ ክፍተት ይኑር። ክርናችሁ ከኳሱ ሥር ይሁን፤ ወደ ጎን አይውጣ። ግራው እጅ ኳሱን ከጎን ይደግፋል እንጂ አይገፋም። ብዙ ልጅ ኳሱ ወደ ጎን የሚሄድበት በግራው አውራ ጣት ስለሚገፋው ነው። ኳሱ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ቀለበቱን እስኪነካ ድረስ የእጅ አንጓችሁን እንደታጠፈ ተዉት።

ከፍ አድርጋችሁ ወርውሩ። ቀለበቱ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የወንዶች ኳስ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ኳሱ ከላይ ሲወርድ ቦታው ሰፊ ነው። በ45 ዲግሪ ሲመጣ ከፊቱ የሚያገኘው ክፍት ቦታ ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ይጠባል። በ30 ዲግሪ ሲመጣ ደግሞ 22 ተኩል ብቻ ይቀራል፤ ብረት ሳይነካ መግባት አይችልም ማለት ነው። ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሹት በዕድል ነው የሚገባው። ጓደኛችሁ ከሜዳው ዳር በጎን ቆሞ የኳሱን ከፍታ ይንገራችሁ፤ ከመስመሩ ላይ ሆናችሁ ራሳችሁ አታዩትም።

ሌላው ነገር ትንፋሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ሩጫ ቶሎ ያለከልካል። ጨዋታ ላይ ፍሪ ትሮው የሚመጣው ደረታችሁ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ አርፋችሁ 50 ከመወርወር፣ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ሮጣችሁ ተመለሱና ሁለት ወርውሩ። ከዚያ እንደገና ሩጡ። ከመወርወራችሁ በፊት ትንፋሻችሁን በረጅሙ አስወጡ።

የሌከርሱ ፖይንት ጋርድ ማጂክ ጆንሰን ኤንቢኤ በገባበት የ1979–80 ውድድር ዘመን ከ31 የሦስት ነጥብ ውርወራ 7 ብቻ ነበር ያገባው። ፍሪ ትሮውን ግን አልለቀቀም፤ በ1988–89 በ91.1 በመቶ ሊጉን መራ። በቀጣዩ ዓመት 106 የሦስት ነጥብ ሹት አገባ። እጁ ፍሪ ትሮው መስመሩ ላይ ቀድሞ ተስተካክሎ ነበር።

ደረጃ 4፦ ቅርጫቱ ሥር መጨረስ

ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በሁለቱም እጅ ሌይ አፕ ቻሉ። ከዚያ ፍሎተር ጨምሩ። ረጅሙ ሴንተር ሊያግዳችሁ ሲወጣ፣ እሱ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ከቅርጫቱ ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ ኳሱን ከእጁ በላይ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ፖይንት ጋርዱ ቶኒ ፓርከር በረጃጅሞች መሃል እየገባ በዚህ ኖሯል፤ በ2007ም የኤንቢኤ ፍጻሜ ኮከብ ተብሏል። አጠር ያለ ልጅ ሌላውን ሁሉ ቢተው ይህን እንዳይተው እለምነዋለሁ።

ደረጃ 5፦ አንድ ቦታ የራሳችሁ አድርጉ

ከየትም ቦታ ልወርውር ማለት ከየትም አለመቻል ነው። ተከላካይ በብዛት የሚለቃችሁን አንድ ቦታ ምረጡ። ለፖይንት ጋርድ ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ፣ ከስክሪኑ ጀርባ ነው።

ልምምዱ ይህን ይመስላል። ስክሪኑ በሚቆምበት ቦታ ወንበር አስቀምጡ፤ ከሌለ ቦርሳ ይበቃል። ድሪብል እያደረጋችሁ (ኳሱን እያነጠራችሁ) በወንበሩ አጠገብ እለፉ። ተከላካዩ በጀርባ በኩል እየዞረ እንደሆነ አስቡ። የመጨረሻዋን ድሪብል ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፣ በሁለት እግር ቁሙ፣ ወርውሩ። 6.75 ሜትር ራቀና ኳሱን ከትከሻ መግፋት ከጀመራችሁ ወደ 5 ሜትር ቅረቡ። አወራወራችሁ ሳይበላሽ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ወደኋላ ሂዱ። ክረምት ገብቶ ሲሚንቶው ሲረጥብ ደግሞ ቤት ውስጥ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ኳሱን ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርጋችሁ ወርውሩ። ወደ እጃችሁ ከተመለሰ አንጓችሁ ልክ ነው።

ፖይንት ጋርዱ ጄሰን ኪድ በ1994 ኤንቢኤ ሲገባ ሹቱ ደካማ ጎኑ ነበር። በ2013 ሲያቆም 1,988 የሦስት ነጥብ ሹት አግብቶ፣ በወቅቱ በታሪክ ሦስተኛ ሆኖ ነው። በ2011 ከዳላስ ጋር ዋንጫ ሲያነሳ ፍጥነቱ ቀንሶ ነበር፤ ክፍት ሆኖ ሲያገኘው የሚያገባው ሹቱ ግን ሜዳ ላይ አቆይቶታል። እግር ይደክማል፣ ሹት ይቆያል።

ደረጃ 6፦ ሹቱ እስኪመጣ እንዲህ ተጫወቱ

ሹት በአንድ ወር አይስተካከልም። እስከዚያ ግን ጨዋታ አለ። እዚህ ላይ መምህሬ ከርቀት ሹቱ ደካማ የነበረው የቦስተን ፖይንት ጋርድ ራጆን ሮንዶ ነው። በ2008 የኤንቢኤ ፍጻሜ ሌከርስ ኮቢ ብራያንትን በሮንዶ ላይ መደቡ፤ ኮቢም ከሮንዶ ርቆ ሌሎቹን ይረዳ ነበር። ያም ሆኖ ቦስተን አሸነፈች። በስድስተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ሮንዶ 21 ነጥብ፣ 8 አሲስት (ጓደኛ ያገባበት ፓስ) እና 7 ሪባውንድ (ከሳተ ውርወራ የተያዘ ኳስ) አስመዘገበ፤ ከተጋጣሚም 6 ኳስ ነጠቀ። ውጤቱም 131 ለ 92 ሆነ።

ከእሱ የሚወሰደው ይህ ነው። መከላከሉ ሳይደራጅ ቶሎ ውጡ፤ ሰው እየሮጠ ወደኋላ ሲመለስ ከእናንተ መራቅ አይጠቅመውም። ተከላካያችሁ ሁለት ሜትር ከለቀቃችሁ ያን ቦታ መንደርደሪያ አድርጉት፤ ፍጥነት ይዛችሁ ስትመጡበት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይቸገራል። ፓስ ሰጥታችሁ አትቁሙ፤ ወዲያው ወደ ቅርጫቱ ሩጡ። ወይም ሄዳችሁ ለሹተራችሁ ስክሪን አቁሙ። የእናንተ ተከላካይ ርቆ ስለቆመ ለሹተሩ ደርሶ የሚያግዝ ሰው አይኖርም። ይህቺኛዋን ሰፈር ሜዳ ላይ የሚጠቀምባት ሰው ጥቂት ነው፤ በጣም ትሠራለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሮንዶ ጎን ሬይ አለንና ፖል ፒርስ ነበሩ። ቡድናችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት ጥሩ ሹተር ካለ የእናንተን ጉድለት ይሸፍናል። ሴንተራችሁም እናንተም ከሩቅ የማትችሉ ከሆነ ግን ሜዳው ይጠባል፤ ምንም ያህል ብልህ አጫዋች ብትሆኑ መውጫ የለም። ስለዚህ ጥያቄውን ስትመልሱ ጓደኞቻችሁንም ቁጠሩ።

ደረጃ 7፦ ጨዋታ ላይ ወርውሩ

ልምምድ ላይ የሚገባ ሹት ጨዋታ ላይ ካልተወረወረ ተከላካዩ አያውቀውም፤ አሁንም ርቆ ይቆማል። በመጀመሪያው ኳርተር ክፍት ሆናችሁ ከመረጣችሁት ቦታ የምታገኙትን የመጀመሪያ ሹት ወርውሩ። ቢስትም ሁለተኛውን ወርውሩ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ እግሩን ተመልከቱ። ግማሽ እርምጃ ከቀረበ በአጠገቡ ለማለፍ ቦታ ተከፍቶላችኋል፤ ፓሳችሁም ተመልሷል።

አሰልጣኞችና ታላላቅ ወንድሞች እዚህ ላይ ድርሻ አላችሁ። ክፍት ሹት የሳተን ልጅ ከዳር ሆናችሁ «ማን ወርውር አለህ!» ስትሉት በሚቀጥለው ጊዜ እጁ ይታሰራል። የሚወቀሰው ክፍት ሆኖ እያለ ያልወረወረ ጊዜ ይሁን። ለትንንሾቹ ደግሞ ትልቁን ኳስ አትስጧቸው። 5 ቁጥር ኳስና 2.60 ሜትር ላይ የተሰቀለ ቅርጫት ይበቃቸዋል። ከባድ ኳስ ከወገብ እየገፋ የለመደ ልጅን በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ሴት ልጆች ካደጉም በኋላ የሚጫወቱት በ6 ቁጥር ነው፤ በወንዶቹ 7 ቁጥር ብቻ እንዲለማመዱ አታድርጉ። አጭሩንም ረጅሙንም ልጅ በአንድ ሰልፍ አቁማችሁ እኩል አስወርውሩ፤ ማን አጫዋች እንደሚሆን ገና አይታወቅም።