ጀርመን ለምትማሩ፦ ቂቤው፣ ቁሌቱና ሜንዛው

ሻንጣ ሲዘጋጅ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ቂቤ ነው። አትያዙ። የአውሮፓ ኅብረት ተጓዥ ከውጭ የሚያስገባውን የሥጋና የወተት ውጤት ስለሚከለክል ቂቤ፣ አይብና ቋንጣ ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ የእናት ድካም ሲጣል ማየት ያንገበግባል። ይልቅ በርበሬና ሽሮ፣ ለቂቤው ደግሞ ደረቅ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ ያዙ። ቂቤው እዚያው ይነጠራል።

ጨው የሌለው ቂቤ ግዙ፤ የሚሸጠው በ250 ግራም ስለሆነ ሁለት ይበቃል። በዝግታ ቀልጦ አረፋ ሲያወጣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ግማሽ አብሽ፣ እርድ በማንኪያ ጫፍ ጨምሩ። ሲንጫጫ የቆየው ድምፅ ጸጥ ካለ ውሃው አልቋል፤ ወዲያው አውርዳችሁ አጥልሉ። ከዘገያችሁ ዝቃጩ ከሥር አሮ ቂቤውን ያመርረዋል።

የዶርም ኩሽና ጭስ ሲሸተው የሚጮህ ማንቂያ አለው። በርበሬ በጋለ ዘይት ላይ በደረቁ ከወደቀ ማንቂያውም ይጮኻል፣ ጎረቤቱም ያስላል። ስለዚህ 1 ኪሎ የተከተፈ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ 20 ደቂቃ ያህል አብስሉ። ከዚያ ዘይት፣ ቀጥሎ በለብታ ውሃ የተበጠበጠ በርበሬ 4 የሾርባ ማንኪያ። በዝግታ 40 ደቂቃ ይቁላላ። ሲበርድ አምስት ቦታ ከፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡ። በአዘቦት ቀን አንዱን አውጥታችሁ ከቱርክ ሱቅ የተገዛ ምስር ክክ ብትጨምሩበት በ20 ደቂቃ ወጥ ነው። አስቤዛውን ቅዳሜ ጨርሱ፤ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው።

እንጀራ ለመጀመሪያው ወር ይቆይ፣ ሽሮው በዳቦም በሩዝም ይበላል። ስትጀምሩ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው፦ ክረምት ላይ ሊጡ በሦስት ቀን አይቦካም። የኦቨኑን መብራት ብቻ አብርታችሁ ውስጡ አሳድሩት፤ ሌላ ተማሪ ሳያይ እንዳይለኩሰው በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ።

ምሳ በዩኒቨርሲቲው ሜንዛ (የተማሪዎች ምግብ ቤት) ይሻላል፤ ትኩስና ርካሽ ነው። ጿሚ የሚፈልገው «ቬጋን» የተባለውን ነው። «ቬጌታሪሽ» ሥጋ ባይኖረውም ወተት፣ አይብ ወይም እንቁላል ሊኖረው ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሽቫይን» ማለት አሳማ ነው። ሌላው ችግር ሰዓቱ ነው፦ የምሳ መስመሩ ብዙ ቦታ በእኛ 8 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ምሳ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱና ምግቡን አስሞልታችሁ ውሰዱ።

እራት በብዙ ጀርመን ቤት ቀዝቃዛ ነው፦ ጠቆር ያለ ዳቦ፣ አይብ፣ ቋሊማ። ይህ እንግዳን መናቅ አይደለም፤ ልማዳቸው ነው። ወተትና አይብ ያልለመደ ሆድ ሊነፋ ስለሚችል በትንሽ በትንሹ ጀምሩ።

ሰው ቤት ስትጋበዙ «በሞቴ» የሚል የለም። አንዴ እምቢ ካላችሁ ሳህኑ ይነሣል። «ዳንከ» (አመሰግናለሁ) ብቻ ማለት እንኳ ብዙ ጊዜ «ይብቃኝ» ተብሎ ይወሰዳል። ከራባችሁ በመጀመሪያው ግብዣ «ያ፣ ገርነ» (አዎ፣ ደስ ይለኛል) በሉ።