የዘውዳዊ ዘመን የወርቅ ጥልፍ ምልክቶች አያያዝ

ከዘውዳዊው ሥርዓት የክብር ልብሶች የተረፈ የጥልፍ ምልክት በእጁ የሚገኝ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ «ወርቅ» የሚባለው ክር በአብዛኛው በወርቅ የተለበጠ የብር ወይም የመዳብ ሽቦ መሆኑን ነው። ልባጡ እጅግ ስስ ስለሆነ አንዴ ከለቀቀ አይመለስም። አዳማ ባለው ቤታችን የአያቴን የአንገትጌ ምልክት ለበዓል ብለን በሎሚና በአመድ አሸነው፤ ለጊዜው አብረቀረቀ፣ ከወራት በኋላ ግን በአንበሳው ጎፈር ላይ ቀዩ መዳብ ወጣ፣ አረንጓዴ ዝገትም ተከተለው።

ስለዚህ ከማጽዳት መመርመር ይቅደም። ምልክቱን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍተው ጀርባውን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ የእጅ ጥልፍ ስፌቱ አንድ ወጥ አይሆንም፣ የመኪና ጥልፍ ግን እኩል እኩል ይሄዳል። ከፊት በኩል፣ እንደ እስክሪብቶ ሞላ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ በአጫጭሩ ተቆርጦ እንደ ዶቃ በክር ተሰክቶ ይታያል። አንበሳው ዘውድ መድፋቱንና ባለ መስቀል ዘንግ መያዙንም ያስተውሉ፤ ዘውዱ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ከአርማው ተነሥቷል። የ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ነው ተብሎ የቀረበ ምልክት አንዳች ጥቁረት ሳይኖርበት ቢያብለጨልጭ እኔ እጠራጠራለሁ፤ የማይጠቁረው የፕላስቲክ ወርቅማ ክር የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነውና።

የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ በሽቦው ጥቅልሎች መካከል ስለሚገባ፣ በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ በቀስታ ማራገፍ ይበቃል። ውኃ ፈጽሞ አይነካው፤ ከጥልፉ ሥር ያለው ካርቶን ይላላል፣ የከፋዩም ቀለም ይለቃል። የተፈታ ሽቦ ቢያገኙ አይጎትቱት፤ በላዩ ላይ በሚሻገር ቀጭን የጥጥ ክር ወደ ቦታው ያስይዙት።

ለማስቀመጥ፣ ታጥቦ ሙጫው የወጣ አቡጀዴ ከጋዜጣም ከፌስታልም ይሻላል። ሳይታጠፍ ተዘርግቶ ይቀመጥ እንጂ ከቆርቆሮው ሥር፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ አይሰቀል፤ የቀትሩ ሙቀት እዚያ ይበረታል።

ሱፉን ብል ከጀመረው፣ ምልክቱን በአቡጀዴ ጠቅልለው አየሩ በወጣለት ላስቲክ ካሸጉ በኋላ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡትም ጤዛ ሽቦውን እንዳያረጥበው አንድ ሙሉ ቀን ሳይከፍቱት ይተዉት። መብራት በሚመላለስበት ሳምንት ግን ባይጀምሩት ይሻላል።