ነርስም ካርድ ያውጣ

ነርስ ሕክምና የሚያጣው ርቆት ሳይሆን ቀርቦት ነው። መድኃኒቱ እጁ ላይ፣ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ስላለ ወገቡን ሲያመው ባልደረባው የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክ ይወጋዋል፤ ጨጓራው ሲነሳ ኦሜፕራዞል ይውጣል። ካርድ የለም፣ ምርመራ የለም፣ ቀጠሮም የለም። ዳይክሎፌናክ ሲደጋገም ግፊት እንደሚጨምር፣ ጨጓራ እንደሚያቆስልና ኩላሊት እንደሚጎዳ ግን ለታካሚው የሚነግረው እሱው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካርድ ያውጡ። እንደ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ወሬን መፍራት ያለ ነገር ነው፤ ደብረ ብርሃን በሚሄዱበት ቀን እዚያው መታየት ይቻላል።

ግፊት በዋርድ ሩጫ መሃል አይለካም። ከቡና በኋላ 30 ደቂቃ ቆይተው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግር ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድዎ በልብዎ ትይዩ ይሁን፤ ለወፍራም ክንድ የጠበበ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ጨርቅ) ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «የአዳር ድካም ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ለስኳር ምርመራ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾሙበት ቀን ይመቻል። ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ቢያንስ 8 ሰዓት ማለፍ አለበት፤ ተረኛ ሆነው ካደሩ፣ ሊነጋ ሲል የጠጡት ሻይ ውጤቱን ያበላሸዋል። 126 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ወይም በላይ ከመጣ በሌላ ቀን ይደገማል።

ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ላይ አንድ የደጋ ጉዳይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የነዋሪዋ ሄሞግሎቢን ከቆላው ሰው ከፍ ይላል። ለሴት 12 ግ/ዴ.ሊ «ደህና ነው» ቢባልም እዚህ የደም ማነስን ሊሸፍን ይችላል፤ ከፍታው ታስቦ ይነበብ። ሸዋ ሮቢት ከርመው የተመለሱ ከሆነ ደግሞ ትኩሳቱን ብርድ ነው ከማለትዎ በፊት የወባ ምርመራ ያድርጉ።

የሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ) ክትባት 3 ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር። የሚረሳው ሦስተኛው ነው። ቢዘገይም ካቆሙበት ይቀጥላሉ እንጂ እንደገና አይጀመርም።

መርፌ ከወጋዎት ቦታውን በውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ አይጭመቁት፣ በረኪናም አያድርጉበት። ወዲያው ለተረኛው ኃላፊ ያሳውቁ፤ የታካሚው ደም ይመርመር። የኤችአይቪ መከላከያው በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ብዙዎች «ጓንት አድርጌ ነበር» እያሉ ወይም ወቀሳ ፈርተው ሰዓቱን ያሳልፉታል። ክትትሉ በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይቀጥላል፤ ቀኑን ሁሉም በሚያየው የተራ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን ስልክዎ ላይ ይያዙት።